ድንገት ጠፉ

መጥረጊያው ከሴትዮዋ ሃያ ሜትር ያህል ርቆ ወድቋል። መርማሪው መጀመሪያ ያየው እሱን ነው፤ እጀታው ለሁለት ተሰብሮ፣ ጭራው ወደ ሰማይ ቀና ብሎ። ጉሙ ገና አልተነሣም። ጥቂት ራመድ ሲል መኪናው ወጣለት። ዕድሜው ከስድሳ ያለፈ፣ ጥቁር፣ ሙሽራ ሊጭን የተሰናዳ ይመስል ከጎማ እስከ ጣሪያ የሚብለጨልጭ መኪና ነው። አጠገቡ ወፍራም የሱፍ ካፖርት የለበሰ ሰውዬ ቆሟል። ሴትዮዋ የታየችው መጨረሻ ላይ ነበር። ጨርቅ ጣል አድርገውባታል። ከጨርቁ ጫፍ የመንገድ ጠራጊዎች የሚለብሱት ቢጫ ሰደርያ ወጣ ብሎ፣ የትራፊክ ፖሊሱ የእጅ ባትሪ በነካው ቁጥር ቦግ ይላል።

መርማሪው ቦግ ሲል አየው። ሲጠፋ አየው። ደግሞ ቦግ ሲል አየው። በአንዲት የእጅ ባትሪ እንዲህ የሚነድ ልብስ ለብሳ ያልታየች ሴት፣ ምን ብትለብስ ኖሮ ትታይ ነበር? 

ካፖርት የለበሰውን ሰውዬ ከተማው በሙሉ ያውቀዋል። የአሮጌ መኪና ወዳጆች ማኅበር ሊቀመንበር ስለሆነ ስሙን ትተው ሊቀመንበሩ ይሉታል፤ እሱም ይወደዋል። መርማሪውን ከጫማው ጀምሮ ሽቅብ አየውና ፊቱን ወደ ትራፊክ ፖሊሱ መልሶ፣ ከእናንተ ከፍ ያለ ሰው አይመጣም እንዴ ሲል ጠየቀ። ከፍ ያለ ሰው እንደማይመጣ ሲገባው ቃሉን ሰጠ።

የማኅበሩ አባላት ኮረብታው ላይ ሊገናኙ ነበርና በንጋት ተነሥቷል። የመኪናው ዋና መብራቶች ከመኪናው እኩል ያረጁ ናቸው፤ ጉም አይበሱም። ስለዚህ ከፊት ባለው ብረት፣ ፓራውልቱ ላይ በተተከሉት በሁለቱ የጉም መብራቶች ውስጥ አዲሱን የኤል.ኢ.ዲ. አምፖል ከትናንት ወዲያ በአንድ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አስገጥሟል። ከቤቱ ጀምሮ በደንብ ሲያበሩ መጡ። መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ድንገት ጠፉ። ጨለማ ዋጠው። ከዚያ ድው የሚል ነገር ሰማ። ይኸው ነው።

“ድንገት ጠፉ” ያለውን ሦስት ጊዜ ደገመው። በመጨረሻም፣ “ያንን ፊውዝ የምትሉትን ሰውዬ ያዙት። ሴትየዋን የገደላት እሱ ነው፤ እኔ መሪ ብቻ ነው የያዝኩት” አለ።

የቀኙ መብራት ደቅቆ አስፋልቱ ላይ ተበትኗል፣ ሽቦውም ተበጥሷል። የግራው ግን ጭረት እንኳ የለውም። ትራፊክ ፖሊሱ ገብቶ ማብሪያውን ተጫነ። ክላክሱ ይጮኻል፣ የውስጥ መብራቱ ይበራል፣ የግራው የጉም መብራት ግን ድርግም እንዳለ ነው።

ፊውዝን ቁርሱን ሳይጨርስ አመጡት።

የጣቢያው አለቃ ከመርማሪው በአሥራ አንድ ዓመት ያንሳል። መርማሪው ነው ሽጉጥ አያያዝ ያሳየው። አሁን እሱ ከጠረጴዛው ወዲያ ነው፣ መርማሪው ከጠረጴዛው ወዲህ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ደግሞ የትምህርት ወረቀት ነው። መርማሪው ትምህርት ያቆመው ስምንተኛ ክፍል ላይ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ማዕረግ በተሰጠ ቁጥር ይህቺ ስምንት ከፊቱ ተደንቅራለች። ከኋላው ስምንተኛ ይሉታል። አለቃው ግን ከፊቱም ይለዋል፣ እየሳቀ፣ ትከሻውን መታ መታ እያደረገ።

ጉዳዩ ያለቀ ነው አለ አለቃው። ሊቀመንበሩ የሚያውቁት ሰው ብዙ ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ደውለዋል። ነገ አምስት ሰዓት ላይ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው መዝገብ ዐቃቤ ሕጉ ጠረጴዛ ላይ መገኘት አለበት። በቸልተኝነት ሰው መግደል፤ ከአምስት ዓመት አያንስም።

“የሴትየዋ ሰዎችስ ደወሉ?” አለ መርማሪው።

“ማን?”

“የሞተችው።”

አለቃው ወረቀት ማገላበጥ ጀመረ።

ፊውዝ ስሙን ያገኘው ቶሎ ስለሚቃጠል ነው፤ ለደንበኛ አይመለስም፣ ሥራውን የነካበትን ሰው ከነመኪናው ያባርራል። ስድሳ ዓመት አልፎታል። የጣቶቹ ጫፍ በብየዳ ጠቋቁሯል። በማረፊያ ቤቱ አግዳሚ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተቀምጧል።

መርማሪው፣ “ጋሼ፣ ጥቂት ልጠይቅህ” አለው።

“ጋሼ አትበለኝ። ነፍሰ ገዳይን ጋሼ ብለው ይጠራሉ?”

መርማሪው አጠገቡ ተቀመጠ። ሲቆይ ሰውዬው ራሱ ጀመረ፤ ለግድግዳው የሚነግር ይመስል።

ያ መኪና ግልብጥ ነው አለ። በዛሬ መኪና ሁሉ የባትሪው ኔጋቲቭ ነው ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰረው። ያ ግን በተሠራበት ዘመን የታሰረው ፖዘቲቩ ነው። ለድሮው አምፖል ይህ ምኑም አይደለም፤ ክሩ ከወዲህም ተነሣ ከወዲያ፣ ይግልና ያበራል። ኤል.ኢ.ዲ. ግን በአንድ በኩል ብቻ የሚገባ ነገር ነው። ከገለበጡት ድርግም። አይቃጠል፣ አይጨስ፣ ዝም። ይህን የማያውቅ ሰው ዝም ብሎ አምፖሉን ሰክቶ፣ አልሠራም ብሎ ይጥለዋል። እሱ ግን ከየመብራቱ ሥር ላስቲክ አስገብቶ ከፓራውልቱ ብረት ለይቷቸዋል። ለየአንዳንዳቸው የራሳቸውን ሁለት ሽቦ ስቦ፣ በሚስማማው በኩል አስሯል። ግማሽ ቀን ፈጅቶበታል።

“ሊቀመንበሩ ይሄን ያውቃል?”

“ከአጠገቤ መቼ ጠፋ? ስኒውን ይዞ ይሄ ለምንድነው፣ ያኛው ለምንድነው ሲል ዋለ። ነገርኩት። ሰው በሥራዬ ሲጠይቀኝ አንጀቴ ይርሳል። ስጨርስ አበራሁት፤ ጥላዬን ግድግዳው ላይ እንደ ሰው ቆሞ አየሁት።” ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሴትዮዋ ልጅ አላት ወይ ሲል ጠየቀ።

አንዲት ሴት ልጅ አለቻት አለው መርማሪው።

ፊውዝ ተመልሶ ወደ ግድግዳው ዞረ።

ቀትር ላይ ከላቦራቶሪ ወረቀት መጣ። የመረመረችው ኢንጂነር ወጣት ናት፤ ስትናገር ቶሎ ቶሎ፣ ስትሄድም ቶሎ ቶሎ ነው። ለመርማሪው ስታስረዳው ድምፏን ከፍ አድርጋ ቃል በቃል ለያይታ ነበር፤ ጆሮ የደነቆረ እንጂ ትምህርት ያነሰው አልመሰላትም። አምፖሉ ጤነኛ ነው፤ አውጥታ በራሷ ባትሪ ስትሞክረው በርቷል። ጥፋቱ ከአያያዙ ነው። ከግራው መብራት ጀርባ ሁለቱ ሽቦዎች ተገላብጠው ነው የተገናኙት። የተገናኙትም ተጠምዝዘው፣ በላያቸው ጥቁር ማጣበቂያ ናስትሮ ተጠቅልሎባቸው ነው። የሠፈር ሥራ ነው አለች። ወረቀቱ ላይ ደግሞ “የሙያ ቸልተኝነት” ተብሎ ተጽፎ፣ ተፈርሞ፣ ማኅተም አርፎበታል።

መርማሪው ይህን ሲነግረው ፊውዝን የገረመው መገላበጡ አልነበረም። “ናስትሮ?” አለ ብቻ። ተነሥቶ ቆመ። “ናስትሮ አልክ? እኔ ናስትሮ ከተውኩ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። እስር ቤት ክተቱኝ፤ ግን በናስትሮ አትስደቡኝ።”

መርማሪው ወደ ሰውዬው ጋራዥ ሄደ። ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ልቀመጥ ሲላት፣ ወንበሩ አለ፣ ባለቤቱን ግን እናንተ አስቀምጣችሁታል አለችው። ቆሞ ፈተሸ። ግቢው ውስጥ ለጥገና የቆሙ ሦስት መኪኖች አሉ። የሦስቱንም ኮፈን ከፍቶ በጣቱ እየተከተለ አየ። ሽቦ ከሽቦ በተገናኘበት ሁሉ እርሳስ ቀልጦ ተበይዷል። በብየዳው ላይ በሙቀት የሚኮማተር ቀጭን የላስቲክ ቱቦ እንደ ቆዳ ተጣብቋል። ናስትሮ የሚባል የለም። ከመሳቢያው ሥር ግን አንድ ጥቅል ተገኘ። ሚስትየዋ የባልዲውን እጀታ የጠቀለልኩበት ነው አለች፤ እውነትም ከማርጀቱ የተነሣ ሲነኩት እንደ ደረቅ ቅጠል ይሰባበራል።

አለቃው ጥቅሉን ሲያይ ደስ አለው። “ይኸው የሰውዬህ ናስትሮ።”

“ይሄ አይጣበቅም፤ ይሰባበራል። ሦስት መኪና አይቻለሁ፣ አንድ ቦታ እንኳ ናስትሮ የለም።”

“አራተኛው ላይ ሰንፏል በቃ። ስምንተኛ፣ አታድክመኝ።”

መርማሪው ሲያነብ ማስመሪያ ከመስመሩ ሥር ያደርጋል። ይስቁበታል። ሌላው በአምስት ደቂቃ የሚጨርሰውን መዝገብ እሱ አንድ ሰዓት ይወስድበታል። የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘርግቶ ማስመሪያውን ዝቅ፣ ዝቅ እያደረገ ሄደ። በግራ የሊቀመንበሩ ቃል፦ “እስከ መታጠፊያው ድረስ በደንብ ሲያበሩ መጥተው ድንገት ጠፉ።” በቀኝ የላቦራቶሪው ቃል፦ “ሽቦዎቹ ተገላብጠው በመገናኘታቸው መብራቱ አልሠራም።”

ማስመሪያው “ድንገት” ከሚለው ቃል ሥር ቆመ።

የተቃጠለ አምፖል ድንገት ይጠፋል። የተበጠሰ ሽቦም እንዲሁ። የተገለበጠ ኤል.ኢ.ዲ. ግን ድንገት አይጠፋም፤ ለመጥፋት መጀመሪያ መብራት አለበት። ፊውዝ ገልብጦት ከሆነ ያ መብራት ከጋራዡ ሳይበራ ነው የወጣው። እስከ መታጠፊያው አብርቶ ከሆነ ደግሞ ከመታጠፊያው በኋላ የገለበጠው እጅ አለ። ሁለቱም ወረቀቶች ተፈርመዋል። ሁለቱም ግን እውነት ሊሆኑ አይችሉም። ሊቀመንበሩ ዕድሜውን ሙሉ በድሮ አምፖል የነዳ ሰው ነው። ውሸት ሲያስፈልገው ያወጣው የድሮ አምፖል ውሸት ነው።

ወደ አለቃው ገብቶ ነገረው። አለቃው እስከ መጨረሻው ሰማው፤ ከዚያ፣ “ፊዚክስም ጀመርክ?” አለው። በሩ አጠገብ የነበሩት ሁለት ፖሊሶች ሳቁ። መርማሪው ወረቀቶቹን ሰበሰበ። እንዲህ ያለ ሳቅ መስማት ከጀመረ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ የሚያቃጥለው ግን እንደ መጀመሪያው ቀን ነው።

ሊወጣ ሲል የሐኪሙን ወረቀት ሰጡት። እሱንም በማስመሪያ አነበበው። ሴትዮዋ ወዲያው አልሞተችም። ደሟ ወደ ውስጥ ሲፈስ ከሃያ እስከ ሠላሳ ደቂቃ በሕይወት ቆይታለች። ቶሎ ሐኪም ቤት ብትደርስ የመትረፍ ዕድል ነበራት ይላል። መርማሪው ይህችን መስመር ሁለት ጊዜ አነበባት። ለፖሊስ የተደወለው አሥራ ሁለት ሰዓት ከአርባ ስምንት ደቂቃ ላይ ነው። ሊቀመንበሩ ግን ሰዓት አላየሁም፣ ደንግጬ ነበር ብሏል።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ከመታጠፊያው በታች ያለው ነዳጅ ማደያ ሄደ። የሌሊቱ ተረኛ ነዳጅ ቀጂ ወፍራም ሹራብ ላይ ሌላ ሹራብ ደርቦ፣ እጁን ብብቱ ውስጥ ከቶ ቆሟል። ትናንት ጥቁሩን አሮጌ መኪና አይተሃል ወይ ሲለው በእጁ ዓይኑን ሸፈነ።

“አሁንም አልለቀቀኝም። ነጭ፣ ውርጭ የመሰለ ብርሃን ነው። ‘አባቴ፣ ዝቅ አድርግልኝ፣ ዓይኔን አጠፋኸው’ አልኩት። ሳቀ።”

“ሁለቱም በርተዋል?”

“ሁለቱም። በአንድ እጁ መሪውን ይዞ በሌላው ስልኩን መስታወቱ ላይ ደግፎ ነበር። ብርሃኑን እየቀረጸ መሰለኝ።”

ሰዓቱስ አለው። ልክ አሥራ ሁለት ሊሆን ሲል ነው፤ ተቀያሪው ገና አልመጣም ነበር፣ አሥራ ሁለት ሲሆን ደርሶ ተረከበው። ከማደያው እስከ መታጠፊያው በመኪና አምስት ደቂቃ ነው።

መርማሪው እዚያው ቆሞ በጣቱ ቆጠረ። ከአሥራ ሁለት ከአምስት እስከ አሥራ ሁለት ከአርባ ስምንት። አርባ ሦስት ደቂቃ። ነዳጅ ቀጂው፣ ምነው ጌታዬ አመመህ እንዴ ሲል ጠየቀው።

ኢንጂነሯ ገና ካፖርቷን ሳታወልቅ ነበር የደረሰባት። ናስትሮውን ክፈችልኝ አላት። ሪፖርቱ ወጥቷል፣ ማኅተም አርፎበታል አለች። እሱም ማኅተሙን አልነካብሽም፣ ናስትሮውን ብቻ አላት። ተነፈሰች። ጓንቷን አጥልቃ መብራት አቅርባ፣ በወረንጦ ጫፉን ይዛ ቀስ እያለች ፈታችው።

ከናስትሮው ሥር ሁለቱ ሽቦዎች በፒንሳ ተቆርጠው፣ ተገላብጠው ተጠምዝዘዋል። ይህን ቀድሞም አይታው ነበር። ሽቦውን የሸፈነውን ጥቁር ሽፋን ወደ ኋላ ስትገፋ ግን፣ ከተቆረጠበት ሁለት ጣት ያህል ገባ ብሎ፣ የተበየደ መገናኛ ተገኘ። በላዩ ቀይ የላስቲክ ቱቦ እንደ ቆዳ ተጣብቋል። መጀመሪያ የተሠራው ያ ነበር። እሱ በትክክል ታስሯል። ከእሱ ወዲህ አንድ ሰው ቆርጦ ገልብጦታል።

ኢንጂነሯ ወረንጦውን አስቀመጠች። ከዚያ፣ “አላየሁትም” አለች። ድምፏ ትናንት ከፍ ያለውን ያህል አሁን ወርዷል። ናስትሮውን ገልብጣ የሚጣበቀውን ፊት ወደ መብራቱ አዞረችው። ሙሉ የአውራ ጣት አሻራ ሰም ላይ እንደ ታተመ ጣት ግልጽ ብሎ ወጥቷል።

“የማን ነው?” አለ።

“አንድ ሰዓት ስጠኝ። እኔው ራሴ አመሳክረዋለሁ፣ ለማንም አልሰጥም።”

ሊቀመንበሩም፣ መኪናውን የሚነካው የግል ሾፌሩም ከአደጋው በኋላ ለማመሳከሪያ አሻራ ሰጥተዋል። መርማሪው በዚያች ሰዓት ሾፌሩ ዘንድ ሄደ። ልቡ ያረፈው እሱ ላይ ነበር። በዚያው ጠዋት የደረሰው የጥሪ ዝርዝር እንደሚለው፣ ሊቀመንበሩ ለፖሊስ ከመደወሉ በፊት፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ከስምንት ላይ፣ ወደ ሾፌሩ ደውሏል። ሾፌሩ ግን ቀኑን ሙሉ ዕረፍት ላይ ነበርኩ፣ ስለ አደጋው የሰማሁት ከሰዓት በኋላ ነው ብሎ ፈርሟል። የነዳው ጌታው ሳይሆን እሱ ይሆናል፣ ወይም ሽቦውን የቆረጠው እሱ ይሆናል ብሎ ነበር የገመተው።

ሾፌሩ ሃያ ዓመት አንድ ሰው ያገለገለ፣ አንገቱን ትንሽ ሰበር የሚያደርግ ሰው ነው። በሊቀመንበሩ ግቢ በር ላይ የቤት መኪናውን ያጥባል። መርማሪው የጥሪውን ዝርዝር ሲያሳየው ጨርቁን ጨመቀ፤ ውሃው ካለቀ በኋላም መጭመቁን አላቆመም።

“ልጆቼን ያስተማረልኝ እሱ ነው” አለ።

“ስለ ልጆችህ አልጠየቅኩህም።”

ሾፌሩ ወደ ግቢው ዞር ብሎ አየና ቀስ ብሎ ተናገረ። ጌታው ደውሎ ናስትሮ ይዘህ ድረስ አለው። የውሃ ቱቦ የፈነዳ መስሎት ከቤቱ ጥቅሉን አንሥቶ እሱ ዘንድ በሚያድረው በዚሁ የቤት መኪና በረረ። ሲደርስ ጌታው ከግራው መብራት ፊት ተንበርክኮ፣ ብርሃን እንዲሰጠው ስልኩን በጥርሱ ነክሶ ይዟል። ሽቦው ተቆርጧል። ናስትሮውን ተቀበለው። ስልኩ መልእክት በገባ ቁጥር አፉ ውስጥ ጢር ጢር ይላል። መልእክቶቹ ከማኅበሩ አባላት ናቸው፣ ስክሪኑ ላይ አይቷቸዋል። እንዴት ያለ ብርሃን ነው፣ እንኳን ደስ አለህ ይላሉ። ሲቀርጸው የነበረውን በቀጥታ ያስተላልፍላቸው ኖሯል።

“ሴትየዋስ?”

ሾፌሩ ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ጣለው።

“እጇ ይንቀሳቀስ ነበር። ‘ጌታዬ፣ ነፍስ አላት፣ አምቡላንስ ልጥራ’ አልኩት። ‘ቆይ፣ መጀመሪያ ይሄ ይለቅ’ አለኝ።”

 መርማሪው፣ አንተስ ስልክ አልነበረህም ወይ ሲል ጠየቀው።  መልሱን ግን አልጠበቀም። የመኪናውን በር ከፍቶ ከጎን ኪሱ ጥቁሩን ጥቅል አወጣ። የተቀደደው ጫፉ እንደ መጋዝ ጥርስ ተቦጭቋል። እዚያው እንደቆመ ስልኩ ጮኸ። ኢንጂነሯ ነበረች። የሾፌሩ አይደለም አለችው። ከዚያ የማን እንደሆነ ነገረችው።

ሊቀመንበሩ ሳሎኑ ውስጥ በቤት ልብስ ተቀምጦ ነበር። ግድግዳው ላይ የመኪናው ፎቶግራፎች ተደርድረዋል፤ ከልጆቹ ፎቶግራፍ ይበዛሉ። ምን አመጣህ አለው፣ ወንበር ሳይጋብዘው። መርማሪው ናስትሮው ላይ የእርስዎ አውራ ጣት ተገኝቷል ሲለው ሳቀ። ሰውዬው ሲሠራ አጠገቡ ነበርኩ፣ ያዝልኝ ብሎኝ ይዤለታለሁ፣ ይሄን ለማወቅ ነው የመጣኸው አለ።

መርማሪው ሁለት የላስቲክ ከረጢት ጠረጴዛው ላይ አኖረ። በአንዱ ከመብራቱ ላይ የተፈታው ናስትሮ አለ፣ በሌላው ሾፌሩ ከሚነዳው መኪና የወጣው ጥቅል። የተቀደዱትን ጫፎች አቀራረባቸው። ጥርስ በጥርስ ገጠሙ።

“ይህ ጥቅል እስከ ትናንት ንጋት ከሾፌርዎ ቤት አልወጣም። ነዳጅ ማደያው ላይ ሁለቱም መብራቶች በርተው ነበር። የማኅበሩ ሰዎችም በየስልካቸው አይተዋቸዋል። እርስዎም ጽፈው ፈርመዋል፤ በደንብ ሲያበሩ መጡ ብለዋል።”

ሊቀመንበሩ ጫፎቹን ለረጅም ጊዜ አያቸው። ሳቁ ፊቱ ላይ ቦታ አጥቶ ቀረ።

“ቢጫ ነገር አየሁ” አለ በመጨረሻ። “በስልኩ ውስጥ ነው ያየሁት። የመንገድ ምልክት መሰለኝ። ወንድሜ፣ አንተም ብትሆን ምልክት ይመስልህ ነበር።”

ወንድሜ ያለው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። መርማሪው የእጅ ሰንሰለቱን አወጣ።

“ምልክት ቢሆን ትገጨዋለህ?” አለው። “ተነሥ።”

አለቃው ከአምስት ሰዓት በፊት ሁሉንም ሰማ። ወንበሩ ላይ ተለጥጦ ጣሪያውን አየ። ማኅበሩ ውስጥ ያሉትን ሰዎች ስም በልቡ የሚቆጥር ይመስል ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ሠላሳ ከሚበልጡት ከእነዚያ ሰዎች መካከል፣ ብርሃኑንም በብርሃኑ ውስጥ የነደደውንም ሰደርያ አይቶ፣ ያየውን ለመናገር ቀኑን ሙሉ ወደ ፖሊስ የደወለ አንድም አልነበረም። የደወሉት ሁለቱ ትልልቅ ሰዎችም ከእነሱ ናቸው።

ፊውዝን መርማሪው ራሱ አስፈታው። የጫማ ማሰሪያውን፣ ቀበቶውንና መነጽሩን አስረከበው። ነፃ ነህ፣ ጥፋቱ ያንተ አይደለም አለው። ሰውዬው ደስታም ንዴትም አላሳየም። ማሰሪያውን እየሰካ፣ ቀና ሳይል፣ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

“በርተው ነበር?”

“በርተው ነበር፣ ጋሼ። ሁለቱም። ነዳጅ ቀጂው እስካሁን ዓይኑን ያሻል።”

ፊውዝ ራሱን ነቀነቀ። የተሠራ ሥራ አይቶ ልክ ነው እንደሚል ሰው። ከዚያ ጣቶቹ ማሰሪያው ላይ ቆሙ። ፊቱ ቀስ እያለ ተለወጠ።

“እንግዲያው አይቷታል ማለት ነው” አለ።

 ሰውዬው ተነሣና አንደኛው ጫማው ሳይታሰር ወጣ። ሚስቱ በር ላይ ስትጠብቀው እጇን ወደ ጎን አድርጎ አልፏት ሄደ፤ እሷም ከኋላው ተከተለችው።

ወደ ቢሮ ሲመለስ አለቃው የመዝገቡን ማጠቃለያ ራሱ አርቅቆ ጠረጴዛው ላይ አኑሮለታል። በሚያምር ጽሕፈት፣ “በአደጋው ወቅት በነበረው ጉምና ከፊል የእይታ ጉድለት ምክንያት” ይላል። ሥሩ ለመርማሪው ፊርማ ባዶ ቦታ ተትቷል። አለቃው በሩ ላይ ቆሞ፣ እንዲህ ቢሆን ለሁሉም ይሻላል፣ አንተም ዘንድሮ ማዕረግ አለህ አለው። ስምንተኛ አላለውም። በስሙ ጠራው።

መርማሪው ወረቀቱን በማስመሪያ እስከ መጨረሻው አነበበው። ከዚያ ገለበጠው። በጀርባው፣ በዚያ ሰው በሚስቅበት ጽሕፈቱ፣ ፊደል እየጠበበበት እየሰፋ ጻፈ።

“መብራቶቹ በርተው ነበር። አይቷታል። ከመታት በኋላም ስትተነፍስ አይቷታል፣ ሽቦውን እስኪጨርስ።”

ፈረመበትና አለቃውን በሩ ላይ አልፎ ሄዶ፣ ማኅተሙን ከአለቃው ጠረጴዛ ላይ ራሱ አንሥቶ መታው።